የማይተኛው ዕቃ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቤት በፀሐይ ስለሚሠራ መብራትና መብራቱን ከሩቅ በስልክ ስለሚያበራ ትንሽ ዕቃ ነው።

የባትሪያችን ጎን ላይ «12 ቮልት፣ 20 አምፔር-ሰዓት» የሚል ተጽፏል። እንደ እንስራ ቁጠሩት፤ 20 ጣሳ ይይዛል። ግን የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ ከግማሹ በታች ደጋግመው ቢቀዱት ቶሎ ይሞታል። የኛ ድርሻ እንግዲህ 10 ጣሳ ነው።

መጀመሪያ ይህን መች አወቅን! ከገበያ ሆነን በስልክ መልእክት ስንልክ የግቢው መብራት ቦግ ይላል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ሐምሌ ገባና ሰማዩ ለቀናት ጠቆረ። አንድ ሌሊት ላማችን ምጥ ያዛት፤ መብራት ብንል ጨለማ! በኩራዝ አዋለድናት። ጥጃዋ ተረፈች፣ ባትሪው ግን አልተረፈም።

ማን ጠጣው? መብራቱን ጠረጠርን። ስናሰላው ግን ባለ 3 ዋቱ መብራት ለ4 ሰዓት ያህል ቢበራ የሚጠጣው 1 ጣሳ ብቻ ነው። ያ ትንሽ ዕቃ መልእክት እጠብቃለሁ እያለ ሌት ተቀን ሳይተኛ በቀን 2 ጣሳ ተኩል ያህል ይጨርስ ነበር። ሦስት ቀን ፀሐይ ከጠፋ ድርሻችን አለቀ ማለት ነው።

አሁን ዕቃውን የገጠመልን ወጣት በየግማሽ ሰዓቱ ለ1 ደቂቃ ብቻ እንዲነቃ አደረገው። በቀን ቢደመር 48 ደቂቃ ነው። የላክነው መልእክት እስኪነቃ ድረስ በስልኩ መስመር ላይ ይጠብቀዋል። መብራቱ ዘግይቶ ይበራል፤ ይዘግይ! አዲስ ባትሪ ለመግዛት በግ ሸጠናል። የሶላሩንም ሰሌዳ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ወልውለነዋል።