የሞተር ስህተት ኮድ ምን ይነግረናል? ፒ0171ን በቤት ስለ መመርመር



የሞተር ምልክቱ በዳሽቦርዱ ላይ ሲበራ አብዛኛው ባለመኪና የሚጠይቀው «የትኛው ሴንሰር ይቀየር?» ብሎ ነው። ሰውን ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያስወጣውም ይኸው ጥያቄ ነው። ኮድ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይጠራም፤ ኮምፒውተሩ ከተጠበቀው ውጭ ሆኖ ያገኘውን ልኬት ይመዘግባል እንጂ።

ዛሬ አንዱን ኮድ ብቻ ልውሰድ፤ ፒ0171ን። ፍቺው በአንደኛው የሲሊንደር ረድፍ ድብልቁ ሳስቷል፣ ማለትም ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር አንሷል ነው። በክብደት 1 እጅ ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 እጅ ያህል አየር ይሻል። በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ዳሳሽ ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኝ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ጭማሪው ከወሰን ሲያልፍ መብራቱ ይበራል። ብዙ ጊዜ ተነቅሎ የሚጣለው ታዲያ ይኸው ዳሳሽ ነው፤ እውነቱን ስለ ተናገረ!

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት፣ ስህተቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ጭነት ከማንበቢያው ላይ ጻፉ። ቀጥሎ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የነዳጅ ማስተካከያውን በመቶኛ ተመልከቱ። የአየር ፍሰት መለኪያ ባለው ሞተር፣ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው 20 በመቶ ሆኖ፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ከመለኪያው በኋላ ያልተለካ አየር ይገባል ማለት ነው። ቀዳዳው መጠኑን አይለውጥም፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ሲበዛ ግን የቀዳዳው ድርሻ ያንሳል። በተቃራኒው ጭማሪው ከጭነት ጋር የሚያድግ ከሆነ የቤንዚን ፓምፕን፣ ማጣሪያን ወይም የቆሸሸ የአየር ፍሰት መለኪያን ጠርጥሩ።

«የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» የሚል ምክንያትም እሰማለሁ። ይህ መለኪያ የሚለካው የአየሩን ክብደት ስለሆነ፣ የአየሩ መሳሳት አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ገብቷል።

ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ከአየር ማጣሪያው የሚነሳውን የጎማ ቱቦ እጥፋቶቹን እየለጠጣችሁ እዩ፤ ስንጥቁ ቱቦው ካልተሳበ አይታይም። ከዚያ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ፈትሹ። ቀዳዳ ለመፈለግ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ፤ እሳት ነውና በፍጹም አታድርጉት። የመለኪያውን ሽቦም ለእርሱ በተሠራ ማጽጃ እንጂ በጣት ወይም በጨርቅ አትንኩ፤ ሳይደርቅም ሞተር አታስነሡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጭማሪው ካልወረደ የሚቀረው የቤንዚኑን ግፊት መለካት ነው፤ እሱን ለጋራዥ ተዉት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።