የመታጠቢያ ቤታችን መስኮት
(በአባላት ስብሰባ ላይ በጥገና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ስለ አንድ መስኮት እንድንናገር ተጠይቀናል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በባልትና ክፍላችን በርበሬ ስትቀነጥስና ስትነፋ የዋለች ሴት ሳትታጠብ ልጇን ማቀፍ እንደማትችል እዚህ ያላችሁት ሁሉ ታውቃላችሁ።

አሮጌው መስኮት ወደ መተላለፊያው መንገድ ነበር የሚያየው። ፍሬሙ ከሥሩ በዝገት ተበልቷል፤ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ረግፏል፤ አንደኛው መስታወት ወድቆ በቦታው ካርቶን ገብቶ ነበር። አላፊ አግዳሚው እንዳያየን ጨርቅ ሰቅለን በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበራን እንታጠብ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዷ ትታጠባለች፣ አንዷ በር ትጠብቃለች። ልጃገረዶቹማ ጭራሽ ትተውት፣ በርበሬው እያቃጠላቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

በተራ ብሎኬት ይደፈን ያላችሁ ነበራችሁ። ርካሽ ነው፤ ግን ጨለማውን ለሁልጊዜ ማጽደቅ ይሆን ነበር። አዲስ የአሉሚኒየም መስኮት ይግባ ያላችሁም ነበራችሁ፤ እሱም በተከፈተ ቁጥር ወደ ጨርቁ ይመልሰናል። የመስታወት ብሎኬት የመረጥነው ለዚህ ነው። ሁለት የመስታወት ግማሾች በሙቀት ተጣብቀው የሚሠሩት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጡብ ነው። የእኛ ጎንና ጎኑ 19፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲሜትር ነው። ፊቱ እንደ ውሃ ሞገድ ያለውን ገዛን፤ ጥርት ያለው ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም።

ሥራው እንዳለቀ አመሻሽ ላይ አምፖሉን አብርተን አንዳችን ልብሷን እንደለበሰች ውስጥ ቆመች፤ ሌሎቻችን መንገድ ላይ ሆነን አየን። (የጎረቤት ልጆች ምን ነካቸው ብለው ስቀውብናል።) ራቅ ስትል ምንም አይለይም። መስኮቱን ተጠግታ ስትቆም ግን ጥላዋ ይታያል። ስለዚህ ሻወሩን ወደ ማዶኛው ግድግዳ አዛወርነው። ወጪው የጨመረው በዚህ ነው፤ ደረሰኙ ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር አለ።

የመስታወት ብሎኬት እንደ ጡብ አይቆረጥም። ቀዳዳው ለእሱ ይስተካከላል እንጂ እሱ ለቀዳዳው አይስተካከልም። እኛ ወርዱን 82፣ ቁመቱን 62 ሴንቲሜትር አድርገን አራት በሦስት ደረደርን። ግድግዳ እንዲሸከም የተሠራ ነገር አይደለም፤ ሸክሙን የያዘው ከላይ ያለው የኮንክሪት ግድም ነው። በጎንና በላይ ለስላሳ ስፖንጅ ገብቶ በሲሊኮን ተዘግቷል፤ በረድፎቹ መሐል ባለ 6 ሚሊሜትር ፌሮ ተኝቷል። ግንበኛው እንደለመደው ብሎኬቶቹን በውሃ ሊያረጥብ ሲል አስቆምነው። መስታወት ውሃ አይጠጣም፤ ከረጠበና ቅልቅሉ ከቀጠነ ይንሸራተታል። ነጭ ሲሚንቶውን ጠንከር አድርጎ አቡክቶ፣ በውሃ ልክ እያየ፣ በሁለት ቀን ጨረሰው። የተረፈውን ሲሚንቶ ሳይደርቅ እኛው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ግን አየሩን ነው። ይህ መስኮት አይከፈትም። የሻወር እንፋሎት መውጫ ካጣ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ሻጋታም ያመጣል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ቦታ በመስታወት አልሞላንም። እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚወጣ በላይኛው ረድፍ የአንዱን ብሎኬት ቦታ ለአየር ተውን። ብረት ሠራተኛ በልኩ ዘንበል ያሉ ቅጠሎች ያሉት መከለያ ሠራልን፤ ዝናብም ዓይንም አያስገባም፤ ከውስጥ የትንኝ ወንፊት አለው። የበሩንም ሥር ሁለት ሴንቲሜትር አሳጠርን፣ አየር ከታች እንዲገባ። ያም ሆኖ ታጥባችሁ ስትወጡ በሩን ክፍት አድርጋችሁት ሂዱ።

አንዳንዶቻችሁ በየቤታችሁ ልታሠሩ እንዳሰባችሁ ነግራችሁናል። ደስ ይለናል። ግን ውሃ በከሰል የምታሞቁ ከሆነ እባካችሁ ምድጃው ውጭ ይሁን። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም የሚገድለው ጋዝ አይጠፋም፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። በአሮጌ መስኮት ስንጥቅ ይወጣ የነበረው በዚህ መስኮት አይወጣም፤ አንዲት የአየር ቀዳዳም አትበቃውም። ክፍሉን ለማሞቅ ብሎ ምድጃ ማስገባትም ያው ነው። ልጆቹን የምታጥቡ ሞግዚቶችና አያቶችም ይህን ይስሙልን።

ቀጥሎ የመጸዳጃ ቤቱ ተራ ነው። የእሱ መስኮት ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የመስታወት ብሎኬት አንገዛለትም፤ ወንፊትና ጥሩ አየር ይበቃዋል። ከመታጠቢያ ቤቱ ሦስት ብሎኬቶች ተርፈዋል። አንዱ ቢሰበር መሮ ይዞ ፈልፍሎ ማውጣትና በአምሳያው መተካት ያስፈልጋል፤ ያው ሞገድ ደግሞ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ማንም ለአበባ ማስቀመጫ እንዳይወስድብን ዕቃ ቤት ቆልፈንባቸዋል፤ ቁልፉ ሒሳብ ያዥዋ ጋ ነው።