ሐያእ ከሐኪም አያርቀን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ዛሬ የምናነሳው በየቤታችን በሹክሹክታ እንኳ የማይወራ ጉዳይ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር። አባት ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ያያል፤ ለሚስቱም ለልጁም አይናገርም። እናት «ኪንታሮት ነው» ብላ ቅጠል እየቀጠቀጠች ወራት ትገፋለች። በርግጥ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

በሽታው በአብዛኛው የሚነሳው በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል፣ ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። እብጠቱ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህ ጊዜ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን ዕድል ነው። ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ በሚባል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ እብጠቱን አይቶ እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል። ካንሰር ከሆነም ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ እንደ ደረጃው ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና ይታከልበታል። በአሜሪካ በተያዘው መዝገብ፣ በሽታው ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ጉበትና ሳንባ ከተዛመተ በኋላ ግን ይህን ያህል የሚቆዩት ከ10 ሁለት አይሞሉም።

ስለዚህ ደም ከታየ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ለሳምንታት ካልተስተካከለ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰና ድካም ከበረታ ወደ ሐኪም እንሂድ። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳይጠብቅ ሐኪም ያማክር።

«ዐውራዬ እንዴት ይታያል?» የምትሉ ወገኖቻችን፣ ለሕክምና ሲያስፈልግ በሚያስፈልገው መጠን መገለጡን ዑለማዎች ፈቅደዋል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሴቶችም ስለ ገላቸው ጉዳይ ከመጠየቅ ሐያእ አላገዳቸውም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሆዱ ላይ ከረጢት የተደረገለት ሰውም ሶላቱ አይቀርበትም፤ እንደ ባለ ዑዝር ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል።

ሐያእ ከኢማን ነው፤ በሽታን መደበቅ ግን ሐያእ አይደለም። ዛሬ ማታ ቤተሰባችን ሲሰበሰብ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በአክብሮት እንጠይቃቸው። አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድ፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።