የደን ቅብብሎሽና የመሐንዲሱ ድርሻ



መሐንዲስ ስለ ደን ለመናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ መንገድ ስንቀድ፣ ድንጋይ ስናወጣ፣ ግድብ ስንሠራ በእጃችን የሚያልፈው መሬት ጥቂት አይደለም። ሥራው ሲጠናቀቅም የተጎዳውን ቦታ መልሶ በደን የመሸፈን ግዴታ ይኖርብናል። ይህንንም ግዴታ ብዙውን ጊዜ የምንወጣው ቁጥቋጦውን መንጥረን፣ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ችግኝ ቆጥረን በመትከል ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው፣ ይህ አሠራር ደኑ ራሱ የጀመረውን ሥራ ሊያፈርስ የሚችል መሆኑን ነው።

ደን ከተጨፈጨፈ በኋላ በአንድ ጊዜ አይመለስም። አንዱ የዕፅዋት ወገን ለሌላው ስፍራ እያዘጋጀ በየተራው ይተካካል፤ ይህንንም ቅብብሎሽ ልንለው እንችላለን። ቅብብሎሹ ሁለት ዓይነት መነሻ አለው። አንደኛው አፈርም ዘርም በሌለበት የሚጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በኢንዶኔዥያ የክራካታው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ከደሴቲቱ የተረፈው ክፍል በአመድ ተሸፈነ። በመጀመሪያ ፈርንና ሣር በቀሉበት፤ ቀጥሎም ወፎችና የሌሊት ወፎች ዘራቸውን ያመጡላቸው የሾላ ወገኖች ተከተሉ፤ በሃምሳ ዓመት ያህል ጊዜም ስፍራው ዳግመኛ ደን ለበሰ። ሁለተኛው አፈሩ፣ ሥሩና ጉቶው በተረፈበት መሬት የሚጀምር ሲሆን የአገራችን ጉዳይ በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

የተራቆተ የደጋ ኮረብታ ከከብት ንክኪ ቢከለል፣ አስቀድሞ ሣር ይለብሳል፤ ከዚያም ክትክታ፣ ደደሆ፣ አጋምና የመሳሰሉት ይነሣሉ። እኛ እነዚህን ከቁም ነገር አንቆጥራቸውም። ነገር ግን በሰሜን ኢትዮጵያ በተከለሉ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የወይራ ቡቃያ ይበልጡን የሚገኘው በገላጣው ላይ ሳይሆን ከቁጥቋጦ ሥር ነው። ፍሬውን የበላ ወፍ ከቅርንጫፉ ላይ ዐርፎ ዘሩን ይጥላል፤ ጥላውም የፀሐዩን ንዳድ ያበርዳል፣ እርጥበቱን ይጠብቃል። በእኛ ቋንቋ ቁጥቋጦው ርብራብ ነው፤ ግድግዳው ሳይቆም ርብራቡን የሚያፈርስ ባለሙያ ደግሞ በመካከላችን የለም።

ይህ ሲባል ቅብብሎሹ እንደ ሥራ መርሐ ግብር ቀኑ የተቆረጠለት ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ክሌመንትስ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋት በታወቀ ቅደም ተከተል ወደ አንድ የመጨረሻ ደረጃ እንደሚያድጉ አስተምሮ ነበር። የአገሩ ሰው ግሊሰን ግን በ1926 እያንዳንዱ ዝርያ በራሱ ጠባይና ባጋጠመው ሁኔታ እንደሚሄድ በመግለጽ ተከራከረው። የደጋ ዛፎቻችንም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ወይራ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን ከተቆረጠ ከዘር እንጂ ከጉቶ አይመለስም። የአብዛኞቹ የአገር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ስለማይቆይ፣ እናት ዛፎቹ ከአካባቢው ከጠፉ ቅብብሎሹ ይቋረጣል። የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ደኖች ትልቅ ዋጋም በዚህ ይታወቃል።

በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ የተፈጸመው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከለለ። የደኑ አብዛኛው ክፍል የተመለሰው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ በሕይወት ከቆዩ ጉቶዎች የወጡትን ቀንበጦች መርጦ፣ ገርዞና ጠብቆ በማሳደግ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ለባልደረቦቼ አሳስባለሁ። ከምንጠራ በፊት ሕያው ጉቶዎችና እናት ዛፎች በፕላን ላይ ይመዝገቡ። የላይኛው አፈር ለብቻው ይከመር፤ ብዙ ሳይቆይም ወደ ቦታው ይመለስ። ከሥራው በኋላ ቦታው ከከብት ይከለል። ችግኝ የሚተከለው የዘር ምንጭ ለጠፋባቸው ዝርያዎች ይሁን። ከሁሉም በላይ፣ በርክክብ ጊዜ «ስንት ችግኝ ተተከለ?» የሚለው ጥያቄ «ምን በቀለ፣ ምንስ ጸደቀ?» በሚለው ይተካ።

ኮንክሪት እንኳ እስኪጠነክር ቀን ቆጥረን፣ ውሃ አጠጥተን እንጠብቃለን። ለደኑም ከዚህ ያነሰ ትዕግሥት ልንነፍገው አይገባም።