የሐይቅ ውኃና የሳይንስ ጸሐፊ ስንቅ



ስለ ሳይንስ ለሕዝብ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ዕውቀት ሊሰንቅ ይገባዋል? የቋንቋ ችሎታ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ስለ ጤና የሚጽፍ ሰው በሽታውንና መድኃኒቱን ብቻ ዐውቆ፣ በሽታው የሚራባበትን ውኃና መሬት ካላወቀ፣ ምክሩ ጎደሎ ይሆናል። ሥነ ምኅዳርን ዐውቆ የኅብረተሰብን ጤና የዘነጋም እንዲሁ ነው። ለዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጥሩ ምስክር ነው።

ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከዙሪያው ተራሮች በጎርፍ የሚታጠበው አፈር አብዛኛው በውስጡ ይቀራል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ ይገኝ እንደ ነበር ይነገራል፤ ዛሬ ግን ስፍራው ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። ይህ ብቻ እንኳ ሐይቅ በአንድ ሁኔታ የማይቆይ ነገር መሆኑን ያስገነዝባል።

በ1970 እ.ኤ.አ. ባክስተርና ጎሎቢች ስለ ሐይቁ ባሳተሙት ጽሑፍ ውኃው እጅግ ጥሩ እንደ ነበር ተመዝግቧል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቲላፒያ ወይም ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንዲራባበት ተደረገ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ደግሞ ውኃው በደቃቅ አልጌ ብዛት መደፍረሱን ገለጸ። ዓሣው አልጌን የሚመገቡትን ጥቃቅን እንስሳት ሲያመናምን አልጌው ያለ ተቆጣጣሪ ሊበዛ ይችላል። ያም ሆኖ ዓሣው ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆኗል። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያወሳ አንባቢውን ያሳስታል።

አሁን ወደ በሽታው እንሻገር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሐይቅ ከተማ አዲስ የአንጀት ቢልሃርዚያ መተላለፊያ ስፍራ መሆኗን አስታውቋል። የበሽታው እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ እጩም ወደ ቀንድ አውጣ ገብቶ ከተራባ በኋላ ወጥቶ የሚዋኘውን፣ የሚያጥበውን ወይም ውኃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ይሁን እንጂ ሕፃኑ ነገ ወደዚያው ውኃ ቢመለስ እንደገና መያዙን አይከለክልም።

«ታዲያ ቀንድ አውጣውን መግደል አይሻልምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ያዩት ነገር እዚህ ላይ ይታወሳል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። ከዚህ የተነሣው ምርምር ለዓመታት ቀጥሎ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። የዕውቀቱ መነሻ ግን የልብስ አጣቢዎቹ ልማድ ነበር።

ሆኖም የእንዶድን ታሪክ በኩራት የሚጽፍ ሰው «እንግዲያስ በሐይቅ ዳርቻ ይረጭ» ብሎ ቢደመድም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ቀንድ አውጣን የሚገድለው የእንዶድ መጠን ዓሣንም ይገድላልና። ለወራጅ ውኃ የተስማማ ዘዴ፣ መውጫ በሌለውና ዓሣ አጥማጆች በሚተዳደሩበት ሐይቅ ላይ እንዲሁ ሊገለበጥ አይችልም። ስለ ጤና ብቻ የሚያስብ ጸሐፊ ይህን አያይም፤ ስለ ዓሣው ብቻ የሚያስብ ደግሞ የታመመውን ሕፃን አያይም።

ሁለቱን ዕውቀቶች ያጣመረ ሥራ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ዘይን አሕመድ ዘይንና ሄልሙት ክሎስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የኢትዮጵያን ጤናና በሽታ ከሥነ ምኅዳር አንጻር የሚመለከት መጽሐፍ፣ ከፍታው፣ ዝናቡ፣ የሰው ፍልሰቱና የመስኖ ልማቱ ከበሽታ ስርጭት ጋር ያላቸውን ዝምድና ያስተምራል። የጎደለው ይህን ትምህርት ወደ ሕዝብ ቋንቋ የሚያወርድ ብዕር ነው።

እንዲህ ያለው ብዕር የሐይቅን እናት «ልጅሽን ከውኃ ከልክዪ» ብሎ ብቻ አያልፋትም፤ ሌላ ውኃ ከሌላት ትእዛዙ ወቀሳ እንጂ ምክር አይሆንምና። መድኃኒቱ ከመጸዳጃ ቤት፣ መጸዳጃ ቤቱም ከንጹሕ የመታጠቢያ ውኃ ጋር ለምን አብሮ መምጣት እንዳለበት ያስረዳታል፤ ይህን ማቅረብ የሚገባውንም ክፍል ግዴታውን ያስታውሰዋል። የሙያ ማኅበራት ወጣት ጸሐፊዎችን ወደ ቤተ ሙከራው ብቻ ሳይሆን ወደ ውኃው ዳርም ቢልኳቸው፣ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ።