ከሳጃና ይዘነው የመጣነው ሙያ

(ስለ ጭነት መኪና የጌጥ መብራት አገጣጠምና ስለ እሳት ጥንቃቄ በካምፑ ለሙያ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



እኛ መምህራን አይደለንም። በካርቱም ከተማ ሳጃና በሚባለው ሠፈር በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራችንን ስንበላ የኖርን፣ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ዕቃችንን ጥለን፣ አንድ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ በኪሳችን ይዘን ወደ ገዳሪፍ የመጣን ስደተኞች ነን።

እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ጭነት መኪና የጌጥ መብራት ነው። አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ጌጥ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በካምፑ ገበያ ዳር የሚያድሩ የጭነት መኪናዎች ላይ ወጣቶቻችን ይህን ሥራ መሥራት ጀምረዋል፤ እንጀራ ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ሰሞን የአንድ መኪና ሽቦ ጨሶ በአሸዋ ስናጠፋው ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የሣር ጎጆና የፕላስቲክ ሸራ በተደረደረበት ሠፈር አጠገብ እሳት ቢነሳ ምን እንደሚከተል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሳጃናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ጥቂት እንበል። ከካርቱም መሐል ከተማ በስተ ደቡብ፣ ብዙ ሐበሻ ከኖረበት ከዴም ጎን ያለ ሠፈር ነው። ቃሉ በዐረብኛ «የወህኒ ቤት ጠባቂዎች» ማለት ነው። ገበያው በይበልጥ የሚታወቀው በቤት መሥሪያ ዕቃ ነው፤ ብረት፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና አምፖል የፈለገ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። የጥቅል መብራቱን ከዚያ ገዝተን፣ መኪናውን ጥላ ሥር አቁመን እንሠራ ነበር። ሥራ ፈላጊ ሆኖ ከካምፕ ወደ ካርቱም የሄደ ወጣት ከነጋዴው ጋር ዐረብኛ፣ ከአሠሪው ጋር ሙያ ይማር ነበር። ፈቃድ የሌለው ደግሞ «ከሻ መጣ» ሲባል ከሥራው ተነስቶ ይሸሽ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

ሱዳን መኪናን ማስጌጥ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በቀደመው ዘመን ከእኛ አገር የመጡ ስደተኞች የተጫኑባቸው ቤድፎርድ ሎሪዎች ካሶኒያቸው እዚሁ አገር ተሠርቶ፣ በቀለምና በሐረግ ያሸበረቁ ነበሩ። በፓኪስታንም ይኸው ቤድፎርድ በሥዕል ተሸፍኖ ዓለም ያወቀው ጥበብ ወጥቶበታል። በጃፓን ደግሞ በመቶ የሚቆጠር አምፖል ያለባቸው የጭነት መኪናዎች «ደኮቶራ» ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረ ተከታታይ ፊልም የበለጠ አስፋፍቷቸዋል። በአገራችንም ሾፌር ለመኪናው መጋረጃ ይሰቅላል፣ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ ይለጥፋል። ሌሊትና ቀን የሚኖርበት ቤቱ ነውና አይፈረድበትም።

አዲሱ ነገር ኤል ኢ ዲ የሚባለው መብራት ነው። በዓይን የሚታየውን የመጀመሪያውን ቀይ ኤል ኢ ዲ ኒክ ሆሎኒያክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠራ። ሰማያዊው ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ለዚህም ሥራ የጃፓን ተወላጆቹ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነጩም ተገኘ። ዛሬ በጥቅል እንደ ጥብጣብ ተሸጦ በመቀስ እየተቆረጠ የሚለጠፈው መብራት የዚያ ውጤት ነው። ከድሮው አምፖል በጣም ያነሰ ኃይል ስለሚበላ ብዙ ሰው «አደጋ የለውም» ይላል። እኛም እንዲህ ስንል ነበር።

ይህን ለማስረዳት በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገራለን። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰሊጥ የሚጭኑ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነጋዴ መኪናቸውን አመጡልን። የልጃቸው ሠርግ ቀርቧል፤ በግራና በቀኝ ሰማያዊ መብራት ይፈልጋሉ፤ እስከ ማታ እንዲደርስላቸው ለመኑን። ፊውዝ አልቆብን ነበር። «ነገ እንጨምርለታለን» ብለን ሽቦውን ከባትሪው በቀጥታ አገናኘን፤ በጋቢናው ብረት ቀዳዳም ያለ ጎማ አሳለፍነው። መኪናው አብርቶ ሄደ፤ እኛም ገንዘባችንን ተቀበልን። ነገ ግን አልመጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከዋድ መደኒ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የቀዳዳው ጠርዝ የሽቦውን ልባስ በላው። ሽቦው ብረቱን ነካ፤ የሚያቋርጠው ፊውዝ ስላልነበረ እንደ ፍም ቀላ። ጋቢናው ተቃጠለ። ውስጥ ተኝቶ የነበረው ረዳት፣ ገና ልጅ ነው፣ በሩን ሲከፍት እጁ ተቃጠለ። ካርቱምን እስከ ለቀቅንበት ቀን ድረስ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ፖሊስ አልወሰዱንም። የስደተኛ ወረቀታችንንም አልጠየቁም። መጥተው ከፊታችን ተቀመጡና «ልጆቼ፣ እኔ ሠርግ ነበረብኝና ቸኮልሁ። ሙያተኞቹ ግን እናንተ ናችሁ፤ ቆይ ማለት የእናንተ ፋንታ ነበር» አሉን። ለብዙ ወራት መኪናቸውን ያለ ዋጋ ሠራን። ዕዳው ግን እንዲህ ባለ ነገር የሚከፈል አይደለም። ዛሬ የምንነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ቀን የተማርነው ነው።

1ኛ. ከሁሉ በፊት ፊውዝ። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው መብራቱ አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ባይርቅ ይመረጣል። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር የሚተካ ሰው መኪናውን ለእሳት እያዘጋጀ ነው።

2ኛ. ቮልቱን ዕወቁ። ፒክ አፕና ትናንሽ መኪናዎች ባለ 12 ቮልት ናቸው። ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ግን ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው የተያያዙባቸው ባለ 24 ናቸው። በገበያ የሚሸጠው ጥቅል መብራት አብዛኛው ባለ 12 ነው። በቀጥታ በ24 ላይ ቢያያዝ ወዲያው ይቃጠላል።

ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሠራተኞች ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይጠልፋሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች የሚሞላው በአንድነት፣ እኩል ነው። አንደኛው ለጌጡ መብራት ተጨማሪ ሲያወጣ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፤ ሌላኛው ከልክ በላይ እየተሞላ ውኃው ይፈላል። በጥቂት ወራት ሁለቱም ይሞታሉ። ባለመኪናው «ባትሪው መጥፎ ነበር» ይላል፤ የገደልነው ግን እኛ ነን። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ የቮልት መቀነሻ መጠቀም ነው።

3ኛ. ሞተር ሲነሣ ቮልት እንደሚጨምር አትርሱ። ባለ 12 የሚባለው መኪና ሞተሩ ሲሠራ እስከ 14.4 ይደርሳል፤ ባለ 24 የሚባለው እስከ 28.8። ጭማሪው አንድ አምስተኛ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በባለ 12 ነጭ ወይም ሰማያዊ ጥቅል ላይ ሦስት ሦስት መብራቶች ተከታትለው ይገኛሉ፤ ሦስቱ በድምሩ ወደ 9.6 ቮልት ይወስዳሉ፤ የቀረውን 2.4 የሚሸከመው አጠገባቸው ያለችው ትንሽ ሬዚስተር ናት። ቮልቱ 14.4 ሲሆን በእርሷ ላይ የሚያርፈው 4.8 ይሆናል፤ ይህም እጥፍ ነው። በመብራቱ የሚያልፈው ጅረት ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። በሱዳን ፀሐይ በጋለ ብረት ላይ የተለጠፈ መብራት ይህን ሁሉ ሙቀት አይችልም። ቶሎ የሚሞተው «የቻይና ዕቃ» ስለሆነ ብቻ አይደለም። የማይዋዥቅ ቮልት የሚሰጥ መቀነሻ ከገባ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

4ኛ. ከመቁረጥ በፊት አስሉ። በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ዋት በሜትር አብዙ። ለምሳሌ በሜትር 14.4 ዋት የሆነ ጥቅል 10 ሜትር ቢለጠፍ 144 ዋት ነው። ለ12 ሲካፈል 12 አምፒር ይሆናል። ለዚህ የሚገዛው መቀነሻ ቢያንስ 16፣ ቢቻል 20 አምፒር የሚችል ይሁን። ሽቦውም በዚሁ ልክ ይወፍራል፤ ፊውዙም ሽቦው ከሚችለው በታች ይሆናል። ከ5 ሜትር በላይ በአንድ ወገን ብቻ አትመግቡ፤ ጫፉ ይደበዝዛል። መቁረጥም በተሰመረለት ቦታ ብቻ ነው።

5ኛ. መብራቱ በሬሌ ይያዝ፤ ሬሌውም ከመኪናው ቁልፍ ጋር ይገናኝ። 144 ዋት በባለ 24 መኪና ወደ 6 አምፒር ነው። ሾፌር ሳያጠፋ ቢያድር በ10 ሰዓት 60 አምፒር ሰዓት ይሄዳል። ጠዋት ሞተሩ አይነሣም። በረሃ መሐል ሞተሩ ያልተነሣለት ሰው የጌጡን ውበት አያመሰግንም።

6ኛ. ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይደረግለት። የሚሸጠው ከሌለ ከአሮጌ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ከነዳጅ ጋኑና ከጭስ መውጫው አርቁት፤ በየስንዝሩ እሠሩት። መገናኛውን በስታኞ በይዱ፤ ናስትሮ ብቻውን በሙቀት ይላቀቃልና በሚሸበሸብ ላስቲክ ሸፍኑ። ማሳ የምትይዙበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረቱን አሳዩ። የምትለጥፉበትን ቦታ አቧራና ዘይት ጥረጉ፤ ማጣበቂያውን ብቻ አትመኑ፤ ሀቡብና የክረምት ዝናብ ይፈትኑታል።

7ኛ. ቀለም ምረጡ። ከፊት ቀይ፣ ከኋላ ደግሞ ወደኋላ ከመሄጃው በቀር ነጭ መብራት እንዳይኖር እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ይከለክላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሌሊት ቀይ ሲያይ ሰው «ጀርባው ነው»፣ ነጭ ሲያይ «ፊቱ ነው» ብሎ ይነዳል። ቀለሙ ከተገለበጠ መኪናው ይራቃል ወይስ ይቀርባል የሚያሰኝ ነው። ሰማያዊና ቀይ ብልጭ ድርግም የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። ጌጡ ፍሬቻንና የፍሬን መብራትን አይሸፍን። በጎን በኩል ቢጫ መብራት ግን ከጌጥም በላይ ነው፤ የተሳቢውን ርዝመት ለሚቀድመው ሰው ያሳያል። ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የሚታይ መኪና መሆን የሰው ነፍስ ማትረፍ ነው።

ምናልባት ጭስ ቢታይ፣ በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። እሳት ከሆነ አሸዋ አልብሱት፤ በነዳጅ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ። ከሁሉ በፊት ግን ሰው ከጋቢናው ይውጣ።

ወጣቶች፤ በአገራችን ሕዝብ ለመኪና ስም ሲያወጣ ሰምታችኋል። አይሱዙን በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል። ሕዝብ ስም የሚያወጣው በጌጡ ሳይሆን በሥራው ነው። ለሙያተኛም እንደዚሁ ነው። እኛ ስደተኞች ስንሳሳት አንድ ሰው ተሳሳተ አይባልም፤ «ሐበሾቹ አቃጠሉት» ይባላል። ስንጠነቅቅም ስሙ ለሁላችን ይሆናል። ስለዚህ ባለመኪናው ሲያጣድፋችሁ፣ ፊውዝ ወይም መቀነሻ አልገዛም ሲላችሁ፣ በትሕትና «ይቅር፣ አልሠራውም» በሉ። የአንድ ቀን ገቢ ይቀርባችኋል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ከተማዋ የተመለሱ ሰዎች አሉ። እኛ ወደ ሳጃና እንመለስ ወይም አገራችን እንግባ፣ ወይም ሌላ ቦታ ይግጠመን፣ ዛሬ መናገር አንችልም። ድንኳንም ራሽንም ይቀራል፤ እጅ የለመደው ሥራ ግን ኬላ ላይ አይወረስም።

ከዚህ በኋላ በአሮጌ ባትሪና በአንድ ሜትር ጥቅል መብራት በተግባር እናሳያችኋለን። መጀመሪያ የምናሳያችሁ ፊውዙን ነው። ሴቶች ልጆችም ወደፊት እንድትቀርቡ እንጠይቃለን፤ ይህ ሥራ ጉልበት አይፈልግም፤ ንጹሕ እጅና ትዕግሥት እንጂ።