የቲሙን አሳድጉ፤ የአባቱን ስም ግን አትውሰዱበት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ትውልዳቸው ደብረ ኤልያስ፣ ኑሯቸው ባሕር ማዶ የሆነ ባልና ሚስት አንድ ጥያቄ ልከውልናል። ከተጋቡ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። አገር ቤት መጥተው እናትና አባት የሞቱበትን ሕጻን ሊወስዱ አስበዋል። «በስማችን አስመዝግበነው፣ እኛ የወለድነው እየመሰለው ቢያድግ በሸሪዓ ይፈቀዳልን?» ይላሉ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ በመሆኑ የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ኒያቸውን እናመሰግናለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ጎን ለጎን እንደሚሆን አብስረዋል። እርሳቸውም የቲም ነበሩ። አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው ሞተውባቸዋል። ካሳደጓቸው ሰዎች አንዷ ትውልዷ ከሐበሻ የሆነው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። አያታቸውና አጎታቸው አሳደጓቸው እንጂ የአባታቸውን የዐብደላህን ስም ማንም አልወሰደባቸውም።

የጥያቄው መልስም እዚህ ላይ ነው። ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፤ መጨረሻም ነብያችን ዘንድ ደረሰ። አባቱ ፈልጎ ቢያገኘውም ዘይድ ከነብዩ ጋር መቅረትን መረጠ፤ ሰዎችም «የሙሐመድ ልጅ ዘይድ» ይሉት ጀመር። ኋላ ግን በሱረቱል አሕዛብ፣ አንቀጽ 4 እና 5 ላይ፣ የማደጎ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ታዘዘ። ዘይድም ዳግም የሓሪሳ ልጅ ተባለ። ፍቅሩ ግን አልቀነሰበትም፤ የጦር አዝማች ሆነ፤ ከሶሐቦችም በስሙ በቁርኣን የተጠቀሰው እርሱ ብቻ ነው። እንግዲህ የተከለከለው ማሳደግ ሳይሆን ነሰብን መደበቅ ነው።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ቤቷ የታወቀች ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውባታል። ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ያድራል፤ የአባቱን ስም ግን አይጥልም። የወሎው ደረሳም እንዲሁ ነው። ሕዝባችን የሰው ልጅ አብልቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያስረሳ ማሳደግን ያውቅበታል።

ሲረሳ ምን እንደሚመጣም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕጻናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ለመውሰድ የመጡት ቤተሰቦች ጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ሰንብተው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ የሐበሻ ቀሚስና ጀበና ገዝተው ይመለሱ ነበር። ብዙዎቹ በቅን ልብ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ጀበና ልጁን የማን ልጅ እንደሆነ አይነግረውም። ወላጆቻቸው በሕይወት ሳሉ የቲም ተብለው የተመዘገቡ ሕጻናትም ተገኝተዋል። መንግሥት በጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ በሕግ ዘጋ። ዛሬ ያደጉት ልጆች እየተመለሱ እናታቸውን በየቀበሌው ይጠይቃሉ። በደጃችሁ ቢመጡ ወሬ አታድርጓቸው፤ ተቀብላችሁ የምታውቁትን ንገሯቸው።

ለጠያቂዎቻችን የምንመክረው ይህን ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ከሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሕጉን ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ከፍርድ ቤት ጠይቁ። ሕጉ ባይፈቅድላችሁ አጅሩ አያመልጣችሁም፤ ልጁን ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር እንዳለ ቀለቡንና ትምህርቱን መሸፈን ራሱ ከፋላ ነው። ከፋላን እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ዓለም አቀፉ የሕጻናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 በስሙ ጠቅሶታል።

ሕጉ ከፈቀደ ደግሞ ለመውሰድ ብቻ አትምጡ። ከዘመዶቹ ጋር ተቀመጡ፤ የአባቱን፣ የአያቱን ስምና የተቀበሩበትን ቦታ ጽፋችሁ ያዙ። ነፍስ ሲያውቅ ሳትሸሽጉ ንገሩት። የወላጆቹ ንብረት ካለ መዝግባችሁ ጠብቁለት፤ የየቲም ገንዘብ እሳት ነው።

በሰሜኑ አገራችን አሳዳጊው ጣቱን ማር ቀብቶ ሕጻኑን የሚያጠባበት «የጡት ልጅ» የሚባል የቆየ ወግ አለ። ማሩ በሸሪዓ ዝምድና አይፈጥርም፤ እውነተኛው ጡት ግን ይፈጥራል። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ወንድ ልጅ የሚስት እህት ብታጠባው ሚስት የጡት አክስቱ ትሆናለች። ሴት ከሆነች ደግሞ የባል እህት ታጥባት፤ ባል የጡት አጎቷ ይሆናል። ልጁ ሲጎረምስ ወይም ልጅቷ ስትደርስ በቤት ውስጥ መጨናነቅ አይኖርም። በሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ መጥባት ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን ዓሊም ጠይቁ። በውርስም የማደጎ ልጅ ድርሻ ባይኖረው፣ እስከ ሲሶ የሚደርስ ወሲያ በሕይወት ሳላችሁ ልትጽፉለት ትችላላችሁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ባሕር የሚያሻግር አቅም የሌለን ብንሆንም በጎረቤታችን የቲም አይጠፋም። ዛሬ ማታ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት እናስታውሰው።

አላህ ልጅ ላጡት ይስጥልን፤ ለየቲሞቻችን የሚራራ ልብ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።